ጓድ ሞቱማ ስተው አያውቁም

«ትኩረት! ትኩረት! የሰፈራ ጣቢያው አስተዳደር ለመላው ነዋሪ የሚያስተላልፈው አስቸኳይ መግለጫ እንደሚከተለው ነው፤ ዛሬ ቅዳሜ ነው!»

ድምፅ ማጉያው ይህንኑ ሁለት ጊዜ ደገመና ዝም አለ።

ከባምባሲ ወዲያ ባለው በዚያ ጣቢያ ቅዳሜ በዐዋጅ የሚነገረው ሕዝቡ ቀኑን ስለሚረሳ አልነበረም። ቅዳሜ የጣቢያው ኃላፊ ጓድ ሞቱማ ሽጉጥ የሚለማመዱበት ቀን ነው። መግለጫው እንደተሰማ እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ቀርከሃ ጎጆዎቻቸው ያስገባሉ፤ ፍየል ያለው ፍየሉን ያስራል፤ ውሃ ሊቀዳ የወጣም ከመንገድ ይመለሳል። ለምን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። እንዲያጨበጭቡ የታዘዙት የኮሚቴ አባላት ብቻ ከተኳሾቹ መቆሚያ ኋላ ይሰለፋሉ።

በዚያ የየካቲት ቅዳሜ ልምምዱ ሲያበቃ ዲሳሳ ከጉድጓዱ አልወጣም።

ዲሳሳ የመጋዘን ዘበኛ ነበር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ምልክት ሰጪ። ከኢላማው አጠገብ በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጦ፣ ጥይት ኢላማውን በመታ ቁጥር ነጭ ጨርቅ ያውለበልባል። ጓድ ሞቱማ ተኩሰው ጨርቁ ሳይነሣ የቀረበት ቀን ታይቶ አይታወቅም። በዚያን ዕለት ግን፣ እሳቸው መጨረሻ ላይ ሲተኩሱ፣ ከመጀመሪያ ጥይታቸው ጀምሮ ጨርቁ አልተነሣም። የተሰለፈው ሰው ከልምድ የተነሣ አጨበጨበ።

ጭብጨባው ሳያልቅ አንድ ሰው ከቀርከሃው ጫካ እየጮኸ ወጣና ጉድጓዱ ውስጥ ዘሎ ገባ። ዲሳሳን ከነደሙ አቅፎ ሊያነሣው ሲታገል ሚሊሻዎቹ ደረሱና ያዙት። ረጀብ ይባላል፤ ከማዶው የበርታ መንደር ቀርከሃ ሊቆርጥ የመጣ ገበሬ ነው። እነሱ መንደር ድምፅ ማጉያ የለም።

በማግሥቱ የፖሊስ መርማሪዋ ሃምሳ አለቃ ሰንበቴ ከአሶሳ በጭነት መኪና ስትደርስ ጉዳዩ አልቆ ጠበቃት። ሰንበቴ አጭር ናት፤ መንግሥት የሰጣት ቦት ጫማ ከእግሯ ይበልጣል፤ ሰው ስትጠይቅ ፊቱን ትታ እጁን ታያለች።

«ሰርጎ ገብ ነው» አሏት ጓድ ሞቱማ፣ የካኪ ኮታቸውን ወደ ታች እየሳቡ። «አንቺን የጠራንሽ ለፊርማ ነው። ከሰዓት በኋላ የጦሩ መኪና መጥቶ ይወስደዋል።»

«ወዴት ነው የሚወስደው?»

«ይወስደዋላ!»

በዚያ መኪና ተወስዶ የተመለሰ ሰው ያየ በአካባቢው አልነበረም።

«ዲሳሳ የሞተው በጥይት ነው ተብሏል። ከሰውዬው ላይ መሣሪያ ተገኘ?»

«ጫካ ውስጥ ጥሎታል። እየተፈለገ ነው።»

«እናንተስ በዚያው ሰዓት ትተኩሱ አልነበር፣ ጓድ?»

ጓድ ሞቱማ በትዕግሥት ፈገግ አሉ። «እህቴ፣ እኛ የምንተኩሰው ኢላማ ነው። እኔ፣ ሻዕባን እና አሠልጣኛችን ኢተፋ፣ ሦስት ሦስት ጥይት። ሄደሽ ቁጠሪ፤ ዘጠኝ ቀዳዳ ታገኛለሽ። ዘጠኙ ኢላማው ውስጥ ከገባ፣ ዲሳሳን የመታው ዐሥረኛ ነው። ዐሥረኛው የእኛ አይደለም።»

ሒሳቡ እንከን አልነበረውም። ሰንበቴ ልትቆጥር ሄደች።

ኢላማው በሁለት የቀርከሃ ምሰሶዎች መሐል የተወጠረ የሲሚንቶ ወረቀት ነው፤ በከሰል ክብ ተሥሎበታል። ከኋላው ከሰው ቁመት የሚበልጥ ኩይሳ አለ፤ ምስጦች ለራሳቸው የሠሩትን አብዮቱ ለጥይት መቀበያ ወስዶታል። ቀዳዳዎቹ ዘጠኝ ናቸው። ሰንበቴ አንድ በአንድ በጣቷ ዳሰሰቻቸው። በሦስቱ ላይ የወረቀቱ ጠርዝ ወደ ኩይሳው ተገፍቷል። በስድስቱ ላይ ግን ወደ ተኳሾቹ መቆሚያ ተገልብጧል።

ወደ ኩይሳው ዞረች። መሐሉ ላይ ጥቂት ጥይቶች ተጠጋግተው ገብተዋል፤ ጫፉንም ጥይት ገምጦታል። ሌላ የለም። በስተግራ በኩል፣ ከታች፣ መሬቱ ክፉኛ ተቧጥጧል፤ አንዳንዱ ጭረት ትኩስ ነው፣ አንዳንዱ ሣር በቅሎበታል።

ዲሳሳ የሞተበት ጉድጓድ እዚያው በስተግራ ነው። አፈሩ ገና አልደረቀም፤ ጥልቀቱ ከጉልበት አያልፍም። በኩይሳው በስተቀኝ ደግሞ ሌላ የቆየ ጉድጓድ አገኘች። ገብታ ቆመችበት፤ እስከ ደረቷ ዋጣት። ግድግዳው ላይ ምስጥ አዲስ ቤት ጀምሯል። እፍኝ አፈር ዘግና በተነችው፤ አቧራ ነበር።

አስከሬኑን መጋዘን ውስጥ አየችው። ጥይቱ የገባው በግንባሩ ነው። ዲሳሳ ወደ ተኳሾቹ ዞሮ ነበር የተቀመጠው፤ ቀርከሃው ጫካ ደግሞ ከጀርባው ነው።

ረጀብን ከኩይሳው በስተግራ ካለው የማንጎ ዛፍ ጋር አስረውታል። አማርኛው የገበያ አማርኛ ነው፤ ሴትና ወንድ አይለይም።

«አንተ ፖሊስ ነው?» አላት።

«ፖሊስ ነኝ። ምን አየህ?»

«እኔ ቀርከሃ ይቆርጣል። ዲሳሳ ተቀምጧል፣ ወደ ሰዎች ያያል። ጧ! ዲሳሳ ተኛ። ሰዎች አጨበጨበ።» ቀና ብሎ አያት። «ለምን አጨበጨበ?»

ሰንበቴ የታሰሩ እጆቹን አየች። «ትተዋወቁ ነበር?»

«ጓደኛ ነው። እሱ ጨው ያመጣል፣ እኔ ማር ያመጣል። የኔ ሚስት ኢቲዳል ሆዱ ትልቅ ነው፣ ሊወልድ ነው። አንተ ንገር ለእሱ፤ ረጀብ ይመጣል በል።»

«እነግራታለሁ» አለችው። ይመጣል የሚለውን ግን አልደገመችም።

አሥር አለቃ ኢተፋ ከሰሜን ግንባር ቆስሎ የመጣ ወታደር ነው። ከዳነ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ወደ ግንባር ያልተመለሰው ጓድ ሞቱማን የአውራጃው አንደኛ ተኳሽ ስላደረገ ነው፤ እንዲህ ያለ አሠልጣኝ አይለቀቅም። ስለ ሙያው ሲጠየቅ ደስ አለው።

«ሽጉጥ ማለት ጣት ነው» አላት። «ሰው በዓይኑ የሚተኩስ ይመስለዋል። በሁለት እጅሽ አጥብቀሽ ትይዢያለሽ፤ የፊቱን ማነጣጠሪያ ጥርት አድርገሽ ታያለሽ፤ ኢላማው ቢደበዝዝ ግድ የለም። ከዚያ ቃታውን ቀስ፣ ቀስ። መቼ እንደሚፈነዳ ራስሽም ማወቅ የለብሽም። ካወቅሽ እጅሽ ይደነግጣል።»

«ከደነገጠስ?»

«ቀኝ እጅ ከሆነ ጥይቱ ወደ ግራ፣ ወደ ታች ይሄዳል። ሁልጊዜ እዚያው ነው። እኔ የተማሪዬን እጅ ካየሁ ጥይቱ የት እንደሚያርፍ ቀድሜ እነግርሻለሁ።»

«መድኃኒት የለውም?»

«ልምምድ ነዋ! ቤት ቁጭ ብለሽ፣ ሽጉጡን ባዶ አድርገሽ፣ ላዩ ላይ ሳንቲም ታስቀምጫለሽ። ቃታ ስትስቢ ሳንቲሙ መውደቅ የለበትም። ሜዳ ላይ ደግሞ እኔ ከጥይቶቹ መሐል ባሩድ የሌለው አንድ እከታለሁ፤ ተማሪው አያውቅም። የእሱ ተራ ሲደርስ አይፈነዳም፤ የፈሪ ሽጉጥ ግን ሳይፈነዳም ቁልቁል ይደፋል። ያኔ ጉዱ ይታያል።»

«ጓድ ሞቱማንስ እንዲህ ፈተንካቸው?»

የኢተፋ እጅ ቀበቶውን ያዘ። «እሳቸው ዐለት ናቸው። ስተው አያውቁም።»

«ጉድጓዱን ለምን ከቀኝ ወደ ግራ አዛወርከው?»

«የድሮው ውሃ ገባበት።»

ሰንበቴ ቀና ብላ ሰማዩን አየች። ደመና ከራቀው ወራት አልፈዋል።

«እሺ» አለችው።

ሻዕባን የንብረት ክፍል ኃላፊ ነው፤ የአሶሳ ነጋዴ ልጅ፣ ወፍራም፣ ላቡ ቶሎ የሚመጣ። ሽጉጥ የሚለማመደው ኃላፊ ሁሉ ይለማመድ ስለተባለ ነው።

«ወላሂ እህቴ፣ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምተኩሰው። ድምፁን አልወድም። ግን ሄደን ስናይ ቀዳዳው አለ። ታዲያ ምን ልበል? የለም ልበል?»

«ማነው የሚበሳው?»

«አላህ ያውቃል።»

«ከአላህ ሌላስ?»

ሻዕባን በሩን ዞር ብሎ አየ። «ሁሉም ያውቃል። ጓድ ሞቱማ ብቻ ናቸው የማያውቁት። እሳቸው እውነት ይመስላቸዋል፣ ያኒ፣ ከልባቸው።»

«ባሩድ የሌለው ጥይት ሲደርሳቸው አይተህ ነበር?»

«አይቻለሁ። ሽጉጡ እኮ ሩኩዕ ወረደ፣ እንደ ሰጋጅ! ኢተፋ ‹ጥይቱ ነው የተበላሸው› አላቸው። እኛም ‹ጥይቱ ነው› አልን። ከዚያ ወዲህ ባሩድ የሌለው ገብቶ አያውቅም።»

«ይህንን በሰው ፊት ትደግመዋለህ?»

ሻዕባን ላቡን ጠረገ። «እኔ ምን አየሁና?»

የዲሳሳ ሚስት ወርቂቱ መጋዘኑ በር ላይ ተቀምጣ ነበር። ምርመራው ሳያልቅ ቀብር እንደማይፈቀድ ተነግሯታል።

«ማሎ፣ እባክሽ አስቀብሪልኝ» አለቻት። «ሙቀቱን እያየሽ!»

ሰንበቴ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠች። «ዲሳሳ ሰሞኑን ምን ይልሽ ነበር?»

«ሚስማር መያዝ ሰለቸኝ ይለኝ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ በማለዳ ሄዶ ወረቀቱን ከጀርባ የሚበሳው እሱ ነው። ኢተፋ ነው ያዘዘው። ለኢተፋ አይበሳም፤ እሱ ራሱ ይመታል።» ድምፅዋን ቀነሰች። «በሚመጣው ቅዳሜ ከአሶሳ እንግዶች መጥተው ውድድር አለ አሉ። ኢላማውም ምልክት ሰጪውም የእነሱ ነው። ዲሳሳ ለጓድ ሞቱማ አዘነ። ‹ሰውዬው በእንግዳ ፊት ሊዋረድ ነው፤ ቀስ ብዬ ብነግረው ይሻላል› አለኝ። ለኢተፋም ይህንኑ ነገረው።»

«ኢተፋ ምን አለ?»

«‹ይህን ቅዳሜ እንለፍና አብረን እንነግራቸዋለን› አለው። ሐሙስ ዕለት አዲሱን ጉድጓድ አስቆፈረው። ዲሳሳ ‹ገና ነው፣ ልጨምር?› ቢለው ‹ይበቃል› አለው። ቤት መጥቶ እየሳቀ ነው የነገረኝ፤ በየካቲት ውሃ ገባ አለኝ ብሎ።»

ከሰዓት በኋላ ሰንበቴ ሁሉም ተኩስ ሜዳው ላይ እንዲሰበሰቡ ጠየቀች። ጓድ ሞቱማ፣ ኢተፋ፣ ሻዕባን፣ የኮሚቴው አባላትና ሚሊሻዎቹ ተኳሾች በሚቆሙበት ቦታ ተሰለፉ። ረጀብ ራቅ ብሎ፣ ከፊታቸው፣ ማንጎው ሥር እንደታሰረ ነው። የጦሩ መኪና መጥቶ መንገድ ዳር ቆሟል፤ ሾፌሩ ሞተሩን አላጠፋም።

«ከዘጠኙ ቀዳዳዎች የጥይት ሦስቱ ብቻ ናቸው» አለች ሰንበቴ። «ጥይት ከዚህ ሄዶ ወዲያ ስለሚወጣ የወረቀቱን ጠርዝ ወደ ኩይሳው ይገፋዋል። ስድስቱ ግን ጠርዛቸው ወደኛ ነው። ከጀርባ በሚስማር የተበሱ ናቸው። መቼ ተበሱ? እናንተው እንደነገራችሁኝ፣ ጨርቁ ከጓድ ሞቱማ የመጀመሪያ ጥይት ጀምሮ አልተነሣም፤ ዲሳሳ ያኔ ሞቷል። የሞተ ሰው አይበሳም። ስለዚህ ከተኩሱ በፊት ተዘጋጅተው ነበር።»



«እውነተኞቹ ጥይቶች የት ገቡ? የአሥር አለቃ ኢተፋ ኩይሳው መሐል ናቸው። የሻዕባን ጫፉን ገምጠዋል።» ሻዕባን ጫማውን ማየት ጀመረ። «የጓድ ሞቱማ ኩይሳው ላይ የሉም። በስተግራ፣ ታች፣ መሬቱን አርሰውታል፤ የትናንቱም አለ፣ ሣር የበቀለበትም አለ። ቃታ ሲሳብ እጅ ከደነገጠ የሚሆነው ይኸው ነው፤ ያስተማረኝ አሥር አለቃ ራሱ ነው። ዲሳሳ በስተቀኝ፣ በጥልቁ ጉድጓድ ውስጥ ሳለ ይህ ማንንም አልጎዳም። ሐሙስ ዕለት ግን ወደ ግራ ተዛወረ። ውሃ ገባ ተባለ፤ የድሮው ጉድጓድ ግን አቧራ ነው። አዲሱ ደግሞ ጉልበት አይሸፍንም። ዲሳሳ ያንን ውሸት ለጓድ ሞቱማ ሊነግር ነበር። ውሸቱ ከታወቀ አሥር አለቃ ኢተፋ ግንባር ይመለሳል።»

ወደ ኃላፊው ዞረች። «ጓድ፣ ገዳዩ እርስዎ አይደሉም፤ ረጀብም አይደለም። ሽጉጡ የእርስዎ ነበር፤ ያነጣጠረው ኢተፋ ነው።»

ኢተፋ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ጓድ ሞቱማ የካኪ ኮታቸውን ወደ ታች ሳቡ።

«እንዲህ ከሆነ እኔ ተኩሼ አልመታም ማለት ነው?»

«አዎ፣ ጓድ።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ?»

«አዎ። አንድ ቃል ብቻ ይበሉ። ‹እስታለሁ› ይበሉና ያ ሰው ቤቱ ይግባ።»

ጓድ ሞቱማ አልተቆጡም። ያሳዘነቻቸው ይመስላሉ። «ሻዕባን» አሉ፣ «እኔ ስቼ አውቃለሁ?»

«ኧረ በጭራሽ፣ ጓድ!»

«ኮሚቴዎች?»

«በፍጹም!» አለ ኮሚቴው ባንድ ድምፅ።

«ኢተፋ?»

«ዐለት ነዎት፣ ጓድ።»

«ይኸው» አሏት። «አንቺ ወረቀት ዳሰስሽ፤ እኔ ሕዝብ አለኝ።»

ሰንበቴ የሚታየውን ሁሉ አሳይታለች፤ ያዩትም ሁሉ አውቀዋል፤ መኪናውም ቆሞ ይንተከተካል። ጓድ ሞቱማ ግን እንግዳ ጥርጣሬ ይዛ እንድትሄድ አልወደዱም። አዲስ ወረቀት እንዲወጠር አዘዙ። ሚሊሻው ወጥሮ በሩጫ ተመለሰ።

«በዓይንሽ ታዪና ትፈርሚያለሽ።» ሽጉጣቸውን አወጡ።

«ጓድ፣ እስረኛው በግራ በኩል ነው። መጀመሪያ ይነሣ።»

«ለምን? እኔ የምተኩሰው ኢላማውን ነው።»

ሰንበቴ ወደ ማንጎው ስትራመድ ሁለት ሚሊሻዎች ክንዷን ያዟት። ረጀብ ከዛፉ ሥር ሆኖ ሽጉጡንም እሷንም ተራ በተራ ያያል።

ጓድ ሞቱማ እግራቸውን ከፈት አድርገው ቆሙ፤ ሽጉጡን በሁለት እጃቸው ያዙ፤ አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ያን ጊዜ ኮሚቴው፣ ማንም ሳያዘው፣ ከግራቸው ተነሥቶ ወደ ጀርባቸው መጣ። ሻዕባን ተከተለ። ሰንበቴን የያዙት ሚሊሻዎችም እሷኑ እየጎተቱ ተጠለሉ።

ኢተፋ ብቻ ቀረ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል ጥይቱ የት እንደሚያርፍ እስከ ስንዝር የሚያውቀው እሱ ነበር። ሁለተኛ ሰው እዚያው ቦታ ላይ ቢወድቅ ስለ ዐሥረኛው ጥይት የሚያምነው እንደማይኖርም ያውቃል። ሆዱ መሬት እስኪነካ ተጎንብሶ በግራ በኩል ሮጠ። ማንጎው ሥር ደርሶ ገመዱን በጥርሱ ጭምር ፈታና፣ የረጀብን አንገት ቁልቁል ደፍቶ ይዞት ሊሸሽ ተነሣ።

ጓድ ሞቱማ ሁለቱንም ዓይናቸውን ገለጡ። አሠልጣኛቸውን አዩት። ከዚያ ሽጉጡን ሳያወርዱ፣ ሰዉ ምን እንደሚል ሊያዩ ወደ ቀኝ ዞሩ፤ ሰዉም አብሯቸው ዞረ። ወደ ግራ ዞሩ፤ እንደገና ዞረ። የትም ቢዞሩ ሁሉም ከጀርባቸው ነበር።

ክንዳቸው ቀስ እያለ ወረደ።

«ኢተፋ» አሉ፣ ከሩቅ በጭንቅ በሚሰማ ድምፅ። «ለምን ትጎነበሳለህ?»